«ራን» ሁሉ ሩጫ አይደለም

ደሴ ውስጥ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ደብተራቸውን ስገልጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያናድደኝ «ራን (run) ማለት ሮጠ» የሚለው መስመር ነው። ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ለዚህ ግሥ ብቻ ከ600 በላይ ፍቺ ቆጥሮለታል። ያንን ሁሉ የሚሸመድድ የለም፤ አያስፈልግምም።

መጀመሪያ «ራን» ያደረገው ማን ወይም ምን እንደሆነ ጠይቁ። ሰው ወይም ፈረስ ከሆነ ሮጠ በሉና እለፉ። ቦርከና ወንዝ ከሆነ ይፈስሳል። አፍንጫም እንዲሁ ነው፤ በደሴ ብርድ ይህችን ማንም አይረሳትም። ሞተር ከሆነ እየሠራ ነው፤ የኮምቦልቻ አውቶቡስ ከሆነ ይመላለሳል፤ የጋቢ ጥለት ከሆነ ደግሞ ቀለሙ ለቅቆ ነጩን አበላሽቶታል።

ቀጥሎ ተሳቢ እንዳለው እዩ። ተማሪዎቼ በብዛት የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። አንዲት ሴት ሱቅ «ራን» ታደርጋለች ከተባለ ሱቁን የምታስተዳድረው እርሷ ናት። ወደ ሱቅ ሮጠች ለማለት መሐል ላይ «ቱ» መግባት አለባት።

ከኋላው የምትከተለውን ትንሽ ቃል ግን በፍጹም አትዝለሉ። «ራን አውት ኦፍ» አለቀብን ማለት ነው፤ ቡናው ቀርቦ ስኳሩ ሲጠፋ። «ራን ኢንቱ» ፒያሳ ላይ ከድሮ ጓደኛ ጋር ድንገት መገናኘት ነው፤ መኪና ከግንብ ጋር ሲላተምም ያው ነውና ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርሱ አትፍረዱ። «ራን ኦቨር» ገጨ። «ራን ፎር» ለምርጫ ተወዳደረ፤ ከ«ፎር» በኋላ የመጣው ቃል አውቶቡስ ከሆነ ግን ሩጫው እውነተኛ ሩጫ ነው።

«እንግሊዝኛ ለምን እንዲህ ያስቸግራል?» ለሚሉኝ መልሴ አጭር ነው። እኛስ ትኬት እንቆርጥ የለም? ለሠርግ ቀን እንቆርጣለን፣ ተስፋ እንቆርጣለን፣ ሆዳችንንም ይቆርጠናል፤ ቢላዋ የያዘ ግን የለም።

ለጥናቱ አንድ ሙሉ ገጽ ለዚህ ቃል ስጡት። ነጠላ ፍቺ አትደርድሩበት፤ የሠፈራችሁን ሰውና ዕቃ እያስገባችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉበት። መዝገበ ቃላት ከገዛችሁ ለተማሪ የተዘጋጀውን ግዙ፤ ከፍቺው በፊትም ምሳሌውን አንብቡ። በስልክ የምትተረጉሙ ከሆነም ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ አስገቡት፤ ቃሏን ብቻዋን ከሰጣችሁት «ሩጥ» ብሎ ይገላገላችኋል።