የቀድሞ ጠበቃ ቢል ውርስ መሀል ላይ ሲመጣ፦ መጀመሪያ ዕዳው የማን እንደሆነ ለዩ

ባለቤቴ ካረፈ ከአምስት ወር በኋላ የውርሱን ጉዳይ ይዞልኝ የነበረውን ጠበቃ አሰናበትኩት። ስልክ አያነሳም፣ ቀጠሮ ይረሳል፣ እኔም ደክሞኝ ነበር። በሶስተኛው ሳምንት ቢሉ መጣ፣ አራት ገፅ፣ 41.3 ሰዓት ይላል። ድምሩን ሳየው ከፍዬ ልገላገል ብዬ የባንኩን አፕ ከፈትኩ፣ ያዳነኝም ብልጠት ሳይሆን ፓስዎርዱ ሶስቴ እምቢ ብሎ አካውንቱ መቆለፉ ነው። ማታ ቁጭ ብዬ ሳነበው ገፅ 2 ላይ የባለቤቴን የቀብር ቀን አየሁት። "ከደንበኛ ጋር የስልክ ውይይት፣ 0.8 ሰዓት" ይላል። 48 ደቂቃ መሆኑ ነው። እኔ የዛን ቀን እንኳን 48 ደቂቃ ላወራ ስልኬ የት እንዳለም አላውቅም። የጥሪ ታሪኩን ሳየው ልጄ አንስታለት 4 ደቂቃ አውርተዋል፣ እሱም ለማፅናናት ነው የደወለው።

ከዛ በኋላ ነው ቢል እንዴት እንደሚነበብ መማር የጀመርኩት። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፣ ህጉም ከሀገር ሀገር ይለያያል፣ ግን አካሄዱ የትም ቢሆን ብዙም አይራራቅም።

አትክፈሉ፣ ግን ዝምም አትበሉ

ሀዘን ላይ ያለ ሰው ሁለት ነገር ነው ሚያረገው፣ ወይ ሳያይ ይከፍላል ወይ ፖስታውን መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ሁለቱም ያስከፍላል። ሙሉውን ከከፈላችሁ በኋላ "በዝቷል" ማለት በጣም ይከብዳል፣ ዝም ካላችሁ ደግሞ የመቃወሚያ ጊዜው ያልፋል። ለምሳሌ ኢንግላንድና ዌልስ ውስጥ በ1974ቱ የሶሊሲተሮች (እዛ ሀገር ደንበኛን በቀጥታ የሚይዙት ጠበቆች) ህግ ቢሉ በደረሳችሁ በ1 ወር ውስጥ ካመለከታችሁ ፍርድ ቤት ቢሉን የመመርመር ግዴታ አለበት፣ ከዛ በኋላ በፈቃዱ ነው፣ ከፍላችሁ 12 ወር ካለፈ ግን በሩ ተዘጋ። ካሊፎርኒያ ደግሞ ጠበቃው የግልግል መብት እንዳላችሁ የሚገልፅ ማስታወቂያ ከሰጣችሁ በ30 ቀን ውስጥ ካልጠየቃችሁ መብቱ ይቀራል። የናንተ ቦታ ስንት እንደሆነ ቢሉ በመጣ በመጀመሪያው ሳምንት አጣሩ፣ ለጠበቆች ፈቃድ የሚሰጠው አካል ወይም የጠበቆች ማህበሩ ጋ ደውላችሁ "የክፍያ ክርክር የት ነው ሚቀርበው፣ በስንት ቀን?" ማለት ብቻ ነው። ቢሉ የደረሳችሁን ቀን ፃፉበት፣ ፖስታውንም አትጣሉ፣ በኢሜይል ከመጣ እንዳታጠፉት።

ዕዳው የማን ነው?

ማንም ያልነገረኝ ነገር ይሄ ነው፣ ለኔ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝም እሱ ነው። ባልና ሚስት ሆናችሁ አንድ ጠበቃ ስትጠቀሙ ቆይታችሁ አንዳችሁ ስታርፉ ጠበቃው ሁሉንም ስራ አንድ ቢል ላይ ጠቅልሎ በናንተ ስም ይልከዋል። ግን በህግ ዓይን እዛ ወረቀት ላይ ሶስት የተለያዩ ዕዳዎች ሊኖሩ ይችላሉ።

አንደኛው ባለቤታችሁ በህይወት እያለ የተሰራ ስራ ነው። ይሄ የሟች ዕዳ ነው፣ ጠበቃውም ለዚህኛው እንደማንኛውም ገንዘብ ጠያቂ ነው፣ ውርሱ ላይ ጥያቄውን አቅርቦ ተራውን ይጠብቃል። ገንዘብ ጠያቂዎች በተወሰነ ጊዜ ካላቀረቡ መብታቸው የሚቀርባቸው ሀገሮችም አሉ፣ ስለዚህ አሁን የመጣው የድሮ ስራ ቢል ጊዜው ያለፈበት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ውርሱን ለማጣራት የተሰራው ነው፣ ኑዛዜ ማስፀደቅ፣ ንብረት መመዝገብ፣ ባንክ መፃፃፍ ምናምን። እሱ የውርሱ ወጪ ነው፣ ብዙ ቦታ ከሌሎች ዕዳዎች ቀድሞ ከውርሱ ገንዘብ ይከፈላል፣ ከናንተ ኪስ ግን አይደለም። ሶስተኛው ለናንተ ለራሳችሁ የተሰራው ነው፣ ለምሳሌ ከሌላ ወራሽ ጋር ስለ ድርሻችሁ ስትከራከሩ። እሱ የግላችሁ ነው፣ ከውርሱ ከከፈላችሁት ሌሎቹ ወራሾች ነገ ይጠይቋችኋል፣ ልክም ናቸው።

እኔ ሶስት ከለር ሃይላይተር ገዝቼ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አልኩ። ሰማያዊ የባለቤቴ፣ አረንጓዴ የውርሱ፣ ሮዝ የኔ። ሁለት ማታ ፈጀብኝ። ሰማያዊው 6.2 ሰዓት መጣ፣ አረንጓዴው 23.9፣ ሮዙ 11.2። የባንኩን አፕ ከፍቼ ሙሉውን ከራሴ አካውንት ልከፍል የነበርኩት ሴትዮ የግል ዕዳዬ 11.2 ሰዓት ብቻ ነበር፣ እሱም ገና ሳይመረመር። አንዳንድ መስመር በየትኛውም ከለር አይቀባም፣ "የተለያዩ ጉዳዮች ክትትል፣ ደብዳቤ፣ ስልክ፣ 3.5 ሰዓት" አይነት ነገር። እኔ ያንን ለጊዜው አረንጓዴ አረኩትና ጎኑ ላይ የጥያቄ ምልክት አደረኩ። እንዲህ አይነት የተደባለቀ መስመር መጀመሪያ ዘርዝሩልኝ ሚባል ነው፣ ምክንያቱም የትኛው ስራ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም።

ዝርዝሩን እንዴት ነው ማየት

ከቢሉ ጎን ሁለት ነገር አስቀምጡ፣ መጀመሪያ የተፈራረማችሁትን የጥብቅና ውልና የራሳችሁን የቀን መዝገብ። ውሉ የሰዓት ሂሳብ ነው ሚለው፣ ቁርጥ ዋጋ ነው፣ ወይስ ፐርሰንት? ዋጋ መጨመር ይችላል ይላል? የተፃፈ ውል ከሌለ ጠበቃው ምንም አያገኝም ማለት አይደለም፣ ግን የፈለገውን ዋጋ መጥራት አይችልም፣ ለሰራው ስራ ተገቢ የሆነውን ነው ሚጠይቀው።

የሰዓት ቢል ብዙ ጊዜ በ0.1 ነው ሚቆረጠው፣ 0.1 ማለት 6 ደቂቃ ነው። የአንድ ደቂቃ ኢሜይልም 6 ደቂቃ ይሆናል፣ ይሄን ብዙ ቦታ ይቀበሉታል። በሩብ ሰዓት የሚያጠጋጋ ግን ተጠንቀቁት፣ አስር አጫጭር ኢሜይል ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ ማለት ነው። ከዛ ፀሀፊ ልትሰራው የምትችለውን ፎቶኮፒና ፋይል ማስገባት በጠበቃ ዋጋ አስከፍሏል ወይ? አንድ ስብሰባ ላይ ሁለት ጠበቃ ተቀምጠው ሁለቱም ቆጥረዋል ወይ? ካሰናበታችሁት ቀን በኋላ የተቆጠረ ሰዓት አለ? ፋይሉን ለአዲሱ ጠበቃ ማስረከቢያ ትንሽ ሰዓት ሊኖር ይችላል፣ ቢሉን ራሱን ለማዘጋጀት የተቆጠረ ሰዓት ግን ያስቃል፣ የኔው ላይ ነበረበት፣ 1.1 ሰዓት። ቅድሚያ የከፈላችሁት ገንዘብ ካለ ደግሞ ከድምሩ መቀነሱን እዩ፣ ካልተጠቀሰ የዛን ሂሳብ መግለጫ ጠይቁ። አሜሪካን ሀገር የጠበቆች ሞዴል የስነምግባር ደንብ ለምሳሌ ክርክር ያለበት ገንዘብ እስኪፈታ ድረስ ተለይቶ ይቀመጥ ነው ሚለው፣ ጠበቃው ከዛ ላይ ዝም ብሎ መቁረጥ የለበትም።

ፐርሰንት ከሆነ ጥያቄው ሌላ ነው፣ የምን ፐርሰንት? ይሄን ሲያጠፉ ብዙ አይቻለሁ። የጋራ ንብረት ባለበት ሀገር ቤቱ በጋብቻ ውስጥ የተገዛ ከሆነ ግማሹ ድሮም የናንተ ነው፣ ውርስ ውስጥ አልገባም፣ ስለዚህ ጠበቃው በሙሉ ቤቱ ላይ ፐርሰንት ካሰበ እጥፍ አሰበ ማለት ነው። ተጠቃሚ ተብላችሁ በስማችሁ የተሞላ የህይወት ኢንሹራንስም ብዙ ጊዜ በቀጥታ ለናንተ ነው ሚመጣው እንጂ በውርሱ በኩል አያልፍም። ዕዳ ሳይቀነስ ነው ወይስ ተቀንሶ የታሰበው ብላችሁም ጠይቁ። መሀል ላይ ያሰናበታችሁት ጠበቃ ደግሞ እንደጨረሰ ሰው ሙሉውን ፐርሰንት መጠየቁ ብዙ ቦታ አያስኬደውም፣ እስከዛ ለሰራው ነው ሚታሰበው።

ፋይሉን አስመልሱ

ጠበቃው "ካልከፈልሽ ፋይሉን አልሰጥም" ሊል ይችላል። አንዳንድ ሀገር ይሄ መብት አለው፣ አንዳንድ ቦታ የለውም ወይም ደንበኛው የሚጎዳ ከሆነ አይፈቀድለትም። ኦርጂናል ኑዛዜ፣ የሞት ሰርተፍኬት፣ የቤት ካርታ የመሳሰሉት ግን የጠበቃው ስራ ያፈራቸው ወረቀቶች አይደሉም፣ እነሱን ለይታችሁ በዝርዝር ቀድማችሁ ጠይቁ። የፍርድ ቤት ቀጠሮ ከቀረበ ቀኑን ደብዳቤው ላይ ጥቀሱት፣ ፋይል ይዞ ቀጠሮ ቢያሳልፋችሁ እሱም እንደሚጠየቅ ያውቃል።

ደብዳቤው

ለጠበቃው ስልክ አትደውሉ። እኔ አንዴ ደውዬ አለቀስኩ፣ እሱም "እንነጋገርበታለን" አለኝ፣ በቃ ምንም አልተፃፈ። ሁሉም በፅሁፍ ይሁን፣ አጭርና ያለ ስድብ። የኔው ይሄን ይመስል ነበር፦

"በዚህ ቀን የላኩልኝ የክፍያ ጥያቄ ደርሶኛል። ሂሳቡን አሁን ባለበት ሁኔታ አልተቀበልኩም። 1ኛ፣ እያንዳንዱ ስራ ማን እንደሰራው፣ መቼና ስንት ደቂቃ እንደፈጀ የሚያሳይ ዝርዝር ይላክልኝ። 2ኛ፣ ባለቤቴ በህይወት እያለ የተሰራው፣ ለውርሱ የተሰራውና ለእኔ በግል የተሰራው ተለይቶ ይቅረብ። 3ኛ፣ ቅድሚያ የተከፈለው ገንዘብ ሂሳብ ይገለፅልኝ። 4ኛ፣ ከዚህ ጋር ባያያዝኩት ዝርዝር ላይ ምልክት ያደረግሁባቸውን መስመሮች እቃወማለሁ። በ14 ቀን ውስጥ በፅሁፍ ይመለስልኝ።"

ተያያዥ ወረቀቱ ላይ አስራ አንድ መስመር ብቻ ነበር የፃፍኩት። ሁሉንም መስመር ብትቃወሙ አንዱንም አያነቡላችሁም። የቀብሩን ቀን መስመር አንደኛ አደረኩትና የጥሪ ታሪኩን ስክሪንሾት አያያዝኩ። የማትከራከሩበት ክፍል ካለ እሱን መክፈል ጥሩ ነው፣ ጨዋነታችሁን ያሳያል፣ ግን "ይህ ክፍያ ያልተቃወምኩትን ክፍል ብቻ ይመለከታል፣ ቀሪውን መቀበሌን አያሳይም" ብላችሁ ፃፉ፣ ከየትኛው ኪስ እንደሚከፈልም አስቡ፣ አረንጓዴው ከውርሱ አካውንት፣ ሮዙ ከናንተ።

እምቢ ካለስ

መጀመሪያ ቅሬታው ለራሱ ለቢሮው ነው ሚቀርበው፣ ኢንግላንድና ዌልስ ለምሳሌ የህግ አገልግሎት እምባ ጠባቂው ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ለቢሮው 8 ሳምንት ትሰጣላችሁ። ከዛ እንደ ሀገሩ ግልግል፣ እምባ ጠባቂ ወይም ፍርድ ቤት አለ። ፍርድ ቤቱ እዛው ኢንግላንድ ቢሉን በአንድ አምስተኛ ወይም ከዛ በላይ ከቀነሰው የምርመራውን ወጪ በመርህ ደረጃ ሶሊሲተሩ ነው ሚሸፍነው፣ ካልሆነ ደንበኛው። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ልታስቀንሱ የምትችሉትን በወረቀት ደምሩ፣ አንድ አስረኛ ብቻ ከሆነ መደራደር ሊሻላችሁ ይችላል።

"ክፍያው በዝቷል" እና "ጠበቃው አጥፍቷል" የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቀነ ገደብ አሳልፎባችሁ ውርሱ ቅጣት ከከፈለ እሱ የጉዳት ጥያቄ ነው፣ አዲሱ ጠበቃችሁን አማክሩ፣ የራሱ የጊዜ ገደብ አለው። በተለይ ደግሞ ቅናሽ ሲሰጣችሁ የሚያስፈርማችሁን ወረቀት አንብቡት፣ "ከዚህ በኋላ ምንም አይነት ጥያቄ የለኝም" ካለ ትንሽ ቅናሽ አግኝታችሁ ትልቁን ጥያቄ ሸጣችሁት ማለት ነው።

ሌሎቹ ወራሾች

የባለቤቴ ወንድም "እስከመቼ ነው በዚህ ቢል ውርሱ ሚታሰረው" ብሎ ተቆጥቶ ነበር፣ አልፈረድኩበትም። ግን የውርሱ አጣሪ ሆናችሁ ዕዳ ሳይከፈል ሁሉንም ካከፋፈላችሁ ጠበቃው ኋላ ቢረታ ከራሳችሁ ኪስ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። እኛ ያረግነው ክርክር ያለበትን ሙሉ ድምር ውርሱ አካውንት ላይ አስቀርተን ሌላውን ማካፈል ነው፣ ወራሾቹም የቆየው ገንዘብ ለምን እንደሆነ አንድ ገፅ ላይ ተፅፎ ፈረሙ። ቢሉን በከለሩ እንዳለ አሳየኋቸው። የባለቤቴ ወንድም ሮዙን አይቶ "ይሄ እኛን አይመለከትም አይደል" አለ፣ አዎ አልኩት፣ ከዛ በኋላ በቢሉ ጉዳይ አልደወለም።

ጠበቃው የቀብሩን ቀን መስመር፣ ቢል ያዘጋጀበትን 1.1 ሰዓትና ሊዘረዝራቸው ያልቻላቸውን አወጣቸው። የቀረውን በየኪሱ ከፈልን። ስትጨርሱ "ቀሪ ሂሳብ 0" የሚል በቢሮው ማህተም የተመታ ወረቀት ተቀበሉ፣ ውርሱን የሚመለከተውን ለብቻ፣ የናንተን ለብቻ፣ ሁለት ወረቀት። የውርሱን ከመጨረሻው የማጣራት ሪፖርት ጋር አያይዙት፣ የናንተን ቤት አስቀምጡት።