መርሴድን በምርምር መርዳት የሚፈልግ ሰው ከየት ይጀምር?

ኒው ሜክሲኮ ውስጥ የምትማሩ ወይ የምትሰሩ ሰዎች "ላንድ ግራንት" ሲባል መስማታችሁ አይቀርም፣ ብዙ ሰው ግን ከ1862ቱ ህግ በኋላ በመንግስት መሬት ድጋፍ የተቋቋሙት ዩኒቨርሲቲዎች ይመስሉታል። እኔ የማወራው ስለነሱ አይደለም። የማወራው ስለ መርሴዶቹ ነው፣ ማለትም መጀመሪያ የስፔን ንጉስ ከ1821 በኋላ ደግሞ የሜክሲኮ መንግስት ለመንደር ሰዎች በጋራ የሰጡት መሬት። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) እያንዳንዱ ቤተሰብ የቤት ቦታና በመስኖ የሚጠጣ እርሻ ይደርሰው ነበር፣ የቀረው ግጦሹ፣ ጫካው፣ ማገዶው፣ ድንጋዩ የሁሉም ነው፣ ኤሂዶ ይሉታል፣ እሱን ማንም ብቻውን መሸጥ አይችልም ነበር። የዛሬዎቹ ወራሾች ኤሬዴሮስ ይባላሉ፣ እኛ ርስት ስንል የሚሰማን ነገር እነሱም ጋ አለ፣ ከሽማግሌ ጋር አምስት ደቂቃ ብትቀመጡ ይገባችኋል።

አንድ ሴሚስተር ሙሉ ሰርተው ለመንደሩ ምንም ሳይተዉ የሚሄዱ ጎበዝ ተማሪዎች ስላየሁ ነው ይሄን የምጽፈው። ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ስራው የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አሉ።

የመጀመሪያው ነገር ርእስ ይዞ አለመሄድ ነው። መርሴዶች ከ2004 ጀምሮ በስቴቱ ህግ ልክ እንደ አንድ አነስተኛ የአካባቢ መንግስት ነው የሚታዩት፣ የተመረጠ ቦርድ አላቸው፣ ስብሰባቸውም ለህዝብ ክፍት መሆን አለበት፣ ስለዚህ ስብሰባው መቼ እንደሆነ ጠይቃችሁ ሂዱና ከኋላ ተቀመጡ። አንድ ሁለት ጊዜ ዝም ብላችሁ ስሙ። ከዛ ምን ወረቀት እንደጎደላቸው ጠይቁ። እናንተ ስለ 18ኛው ክፍለ ዘመን ቴሲስ እያሰባችሁ እነሱ የሚፈልጉት ለበጀት ጥያቄ የሚያያዝ አንድ ማፕ ወይ የተስተካከለ የወራሾች መዝገብ ሊሆን ይችላል። እሱን ስሩላቸው። ብቻችሁንም አትጀምሩ፣ አልበከርኪ ያለው ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ኒው ሜክሲኮ የላንድ ግራንት ጥናት ፕሮግራም አለው፣ በ2009 በህግ የተቋቋመ የስቴቱ ላንድ ግራንት ካውንስልም አለ፣ እነሱ ጋ ጎራ ብትሉ ማን ምን እንደጀመረ ይነግሯችኋል፣ ያው መንደሩም በየዓመቱ አንድ አይነት ጥያቄ እየተጠየቀ አይሰለችም።

ከዛ የፋይል ቁጥር ፍለጋ። ይሄ የሚገባችሁ ታሪኩን ካወቃችሁ ነው። የአሜሪካና የሜክሲኮን ጦርነት ጨርሶ ኒው ሜክሲኮን ለአሜሪካ ያስረከበው፣ በየካቲት መጀመሪያ 1848 የተፈረመው የጓዳሉፔ ኢዳልጎ ውል የነዋሪዎቹ ንብረት ይከበራል ብሎ ነበር፣ ስለ መሬት ስጦታዎቹ በቀጥታ የሚናገረውን 10ኛውን አንቀጽ ግን የአሜሪካ ሴኔት ሰረዘው። በ1854 ሰርቬየር ጀነራል የሚባል ቢሮ ተቋቁሞ የይገባኛል ጥያቄዎችን እየመረመረ ለኮንግረስ አስተያየት ይልክ ጀመር፣ ከ1891 እስከ 1904 ደግሞ ለዚሁ ጉዳይ የተቋቋመ የግል መሬት ይገባኛል ፍርድ ቤት ነበር። ስለዚህ አንድ መርሴድ ሁለት የተለያየ ቁጥር ያለው ፋይል ሊኖረው ይችላል፣ አንዱ ከሰርቬየር ጀነራል አንዱ ከፍርድ ቤቱ፣ ስሙም በሁለቱ ላይ ሊለያይ ይችላል፣ አንዱ ጋ በመንደሩ ስም ሌላው ጋ በመጀመሪያው አመልካች ስም። ሁለቱንም ሳታገኙ አንብቤ ጨረስኩ አትበሉ! ሰነዶቹ ሳንታ ፌ በስቴቱ አርካይቭ አሉ፣ ዩኒቨርሲቲው ዚመርማን ላይብረሪ ውስጥ ያለው የሳውዝዌስት ምርምር ማእከልም ብዙ ማይክሮፊልም አለው። ፓተንቱን (የአሜሪካ መንግስት የሰጠውን የመሬት ባለቤትነት ወረቀት) እና የሰርቬይ ፕላኑን ደግሞ የፌደራሉ መሬት ቢሮ ዌብሳይት ላይ በነጻ ታገኛላችሁ።

አሁን ንባቡ፣ እኔ በጣም የምወደው ክፍል። የስጦታ ፋይል ብዙ ጊዜ ቅደም ተከተል አለው፣ መጀመሪያ የሰዎቹ ማመልከቻ፣ ቀጥሎ ገዢው ቦታው ሌላ ሰው የማይጎዳ መሆኑን እንዲያጣራ ለአልካልዴው (ለአካባቢው ሹም) የሚልከው ትእዛዝ፣ ከዛ ውሳኔው፣ መጨረሻ ላይ የርክክቡ ቃለ ጉባኤ። ርክክቡን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። አልካልዴው ሰዎቹን እጃቸውን ይዞ መሬቱ ላይ ያዞራቸዋል፣ እነሱም ሳር ይነቅላሉ፣ ድንጋይ ይወረውራሉ፣ "ንጉሱ ለዘላለም ይኑር" ብለው ይጮሃሉ፣ ይሄ ሁሉ በጽሁፍ ይሰፍራል፣ ድንበሩም የሚጠራው እዛ ላይ ነው። ድንበሩ ደግሞ በዲግሪ አይደለም፣ በምስራቅ ወንዙ በምእራብ የሜሳው (አናቱ ጠፍጣፋ የሆነው ኮረብታ) ጫፍ ምናምን ነው።

እዚህ ጋ ነው ስህተት የሚፈጠረው። ኦሆ የሚለውን ቃል ዲክሽነሪ ላይ ብታዩ ዓይን ይላችኋል፣ በነዚህ ሰነዶች ግን ምንጭ ማለት ነው፣ ልክ በግዕዝ ዓይነ ማይ እንደሚባለው፣ ሴሃ ደግሞ ቅንድብ ሳይሆን የሜሳው አፋፍ ነው። ርቀቱ በባራ ይለካል፣ አንድ ባራ ወደ 84 ሳንቲሜትር ነው፣ ሜትር ነው ብላችሁ ኮምፒውተር ላይ ካስገባችሁት በአምስት ሺ ባራ ላይ ብቻ ወደ 800 ሜትር ትስታላችሁ። የድሮ እንግሊዝኛ ትርጉሙ ፋይሉ ውስጥ ስላለ ብቻ አትመኑት፣ ከስፓኒሹ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡት።

ማፑን ከሰራችሁ በኋላ ደግሞ በእግር ሂዱበት። እኔ አንድ ድንበር ከሰነዱ አንብቤ ጂአይኤስ (የኮምፒውተር ማፕ መስሪያ) ላይ ሰርቼ ፕሪንት አድርጌ ይዤ ሄጄ ነበር፣ አንድ አባት ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ለረጅም ጊዜ አዩትና ጣታቸውን ምንጩ ላይ አድርገው "ይሄ አይደለም፣ ይሄ በአያቴ ጊዜ የተቆፈረ ነው፣ የድሮው ከዛፎቹ በላይ ነው" አሉኝ። በማግስቱ አብረን ወጣን፣ እውነትም ከላይ ድንጋይ የተከመረበት እርጥብ ቦታ አለ፣ ውሃው ትንሽ ነው ግን አለ። ጂፒኤሱን አበራሁ፣ መስመሩ በሙሉ ተቀየረ። ወረቀቱ ውሸት አልነበረም፣ እሳቸውም አልተሳሳቱም፣ እኔ ነኝ ሁለቱን ሳላገናኝ የሳልኩት። ከዛ ቀን ጀምሮ ሽማግሌ ያላየውን ማፕ የመጨረሻ ነው ብዬ አልሰጥም።

መሬቱ እንዴት ከእጅ እንደወጣም ለይታችሁ ጻፉ፣ የየመርሴዱ መንገድ ይለያያልና። ሳን ሚጌል ዴል ባዶን እዩ፣ በ1794 የተሰጠ ነው፣ ወራሾቹ ወደ 315 ሺ ኤከር ነው ያሉት፣ በ1897 ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሳንዶቫል ጉዳይ የጋራው መሬት የመንደሩ ሳይሆን የመንግስቱ ነበር ብሎ ስለወሰነ የተረጋገጠላቸው ወደ 5 ሺ ኤከር ብቻ ሆነ። ላስ ትራምፓስ ደግሞ በ1751 ከሳንታ ፌ ለመጡ 12 ቤተሰቦች የተሰጠ ነው፣ እሱን ኮንግረስ አጽድቆለታል፣ ግን በኋላ በክፍፍል ክስ ምክንያት የጋራው መሬት ተሸጠ፣ አሁን አብዛኛው ካርሰን ብሄራዊ ደን ውስጥ ነው። በ1876 የወጣ ህግ አንድ ባለድርሻ ብቻውን የጋራው መሬት ይከፋፈልልኝ ብሎ እንዲከስ ይፈቅድ ነበር፣ ጠበቆችም ክፍያቸውን በመሬት ይወስዱ ነበር። ቲዬራ አማሪያ ላይ ደግሞ በ1832 ለማህበረሰብ ተሰጠ የሚባለው መሬት በ1860 እንደ ግል ንብረት ነው የጸደቀው፣ በሰኔ 1967 የመሬት መብት ታጋዩ ሬይስ ሎፔዝ ቲሄሪና እና ጓደኞቹ የገቡበት ፍርድ ቤት እዛ ነው። ስለዚህ "መሬታቸው ተወሰደ" ብሎ በአንድ አረፍተ ነገር ማለፍ አይጠቅማቸውም፣ በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው ወረቀት፣ አሁን ማን እጅ ነው ያለው የሚለው ነው የሚጠቅማቸው። በ2004 የወጣው የኮንግረሱ ተጠያቂነት ቢሮ ሪፖርት 295 የመሬት ስጦታዎችን ቆጥሮ 154ቱ የማህበረሰብ ናቸው ብሏል፣ የናንተ መንደር እዛ ውስጥ እንዴት እንደተጻፈ አይታችሁ ስህተት ካለ ለቦርዱ አሳዩ።

ደግሞ አትርሱ፣ ከስፔኖቹ በፊት እዛ የነበሩ የፑዌብሎ ህዝቦች አሉ፣ ድንበሮቹ ብዙ ቦታ ይነካካሉ። አቢኪዩ በ1754 ለኸኒሳሮዎች ማለትም ከተለያየ ጎሳ ተማርከው በስፔኖች ቤት ላደጉ ሰዎችና ለልጆቻቸው የተሰጠ ነው፣ እዛ ማን ነባር ማን መጤ ብሎ በቀላሉ መለየት አይቻልም። የአንዱን ማስረጃ ስታጠናክሩ የሌላውን ደብቃችሁ መሆን የለበትም፣ ያገኛችሁትን ሁሉ አስቀምጡ።

የወራሾች መዝገብ ላይ ብዙ አልቆይም፣ የጥምቀት መዝገብ፣ የ1790 እና የ1845 ቆጠራ፣ ከዛ የ1850ው የአሜሪካ ቆጠራ፣ እያያዛችሁ ወደታች መውረድ ነው። ማን ወራሽ ነው የሚለውን ግን የሚወስነው ቦርዱ በራሱ መተዳደሪያ ደንብ ነው፣ እናንተ አይደላችሁም። ድምጽ ከቀረጻችሁ ፈቃድ በጽሁፍ ውሰዱ፣ የቅጂውን ፋይል ለቤተሰቡ ስጡ፣ የምንጭና የመቃብር ቦታ ትክክለኛ ጂፒኤስ ደግሞ ሳትጠይቁ ፐብሊክ ላይ አታውጡ። የህግ ጥያቄ ሲመጣ ወደ ጠበቃ ምሯቸው፣ ከራስ አትመልሱ።

ሲያልቅ መጀመሪያ የምታቀርቡት ለመንደሩ ነው፣ ኮንፈረንሱ ይደርሳል። በቀላል ቋንቋ፣ በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ፣ ማፑ በትልቁ ፕሪንት ተደርጎ ግድግዳ ላይ። ስካኖቹን በፍላሽ ስጡ፣ ግን ወረቀቱንም በአንድ ወፍራም ፎልደር፣ ፊት ላይ ምን ገጽ ላይ ምን እንዳለ ጽፋችሁ፣ ከየትኛው አርካይቭ ከየትኛው የማይክሮፊልም ሪል እንደተወሰደ ሁሉ፣ አንድ ቀን ጠበቃ ከየት አመጣችሁት ብሎ ይጠይቃቸዋል። እና ቦርዱ በምርጫ ይቀየራል፣ ፎልደሩ የት እንዳለ የሚያውቀው ሰው ሊለቅ ይችላል፣ ስለዚህ ከምርጫው በኋላ አዲሱን ጸሃፊ ደውላችሁ ጠይቁ፣ ከጠፋም እንደገና ፕሪንት አድርጋችሁ ይዛችሁላቸው ሂዱ።