ሪቮልቨር ያገኘውን ሁሉ ይጎርሳል፦ የውድድር ጥይት በእጅ ሲሞሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አውቶማቲክ ሽጉጥ መራጭ ነው። የጥይቱ ኃይል ካነሰው ቀለሁን አልተፋም ይላል፣ ይነክሳል፣ ይቆማል። ተኳሹ ይናደዳል፤ መሣሪያው ግን ጥይቱ ጤነኛ አለመሆኑን በራሱ ቋንቋ ነግሮታል። ሪቮልቨር፣ ጥይቶቹን በተሽከርካሪ ከበሮ የሚይዘው ሽጉጥ፣ እንዲህ ያለ አመል የለውም። ከበሮውን የሚያዞረው የጥይቱ ኃይል ሳይሆን የተኳሹ ጣት ነውና ደካማውንም ብርቱውንም እኩል ይጎርሳል፤ ቃታው በተሳበ ቁጥር ቀጣዩን ጥይት ያቀርባል። ሰዎች ይህንን ጠባዩን ሲያመሰግኑለት እሰማለሁ። እኔ ግን ቀለህ መልሼ መሙላት ከጀመርኩ ወዲህ የምፈራው ይህንኑ ነው። መሣሪያው ካልመረመረ፣ መርማሪ ሆኖ የሚቀረው ማታ ጋራዥ ውስጥ ከመሙያ ማሽኑ ፊት የተቀመጠው ሰው ብቻ ነው።

የምጽፈው በአሜሪካ ስላለው ስፖርት ነው። እዚህ አገር ለራስ መተኮሻ የሚሆን ጥይት መሙላት በፌዴራል ሕግ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ለሽያጭ መሥራት ግን ይጠይቃል። መሣሪያም ሆነ ጥይት መያዝን በተመለከተ፣ በጊዜያዊ ቪዛ ያሉ ወገኖቻችን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር በሕግ የተከለከሉ መሆናቸውን ሳያጣሩ ወደ ተኩስ ሜዳ ባይሄዱ ይሻላቸዋል።

በቃላት እንግባባ። ቀለህ የነሐሱ ቆርቆሮ ነው፤ ተተኩሶ ይለቀማል፣ እንደገናም ይሞላል። አረር ወደ ዒላማው የሚሄደው ነው። ከቀለሁ ግርጌ ያለችውን፣ ተመትታ ባሩዱን የምታቀጣጥለውን ትንሽ ቆብ እዚህ መለኮሻ እላታለሁ።

የቀለሁን ሆድ ሳያዩ አረር መግጠም

38 ስፔሻል የተባለው ጥይት በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ሲወጣ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነበር። ጥቁር ባሩድ ቦታ ይፈልጋል፤ ስለዚህ የቀለሁ ሆድ ሰፊ ነው። ዛሬ ለውድድር የምንጠቀምበት ፈጣን ባሩድ ደግሞ እፍኝ የማይሞላ ነገር ሆኖ ከሆዱ ትንሹን ክፍል ብቻ ይሸፍናል። እጥፍ ቢጨመርበት አይፈስም፣ አረሩንም አያስቸግርም፤ ከውጭ ሲያዩት ከጤነኛው ወንድሙ የሚለየው ነገር የለም። ጨርሶ ባሩድ ያላገኘውም እንደዚሁ።

ማሽኑ ቀለሆቹን ወደ ቀጣዩ ደረጃ የሚያሻግረው በእጅ ሲያዞሩት ከሆነ አደጋው ይጨምራል። ስልክ ይጮኻል፣ ልጅ ይገባል፣ ሲመለሱ «አዙሬ ነበር ወይስ አላዞርኩም?» ይላሉ። እኔን የጣለኝ እንዲህ ያለ ምሽት ነው። እናቴ ከደሴ ደወለች፤ የእናት ስልክ አይዘጋምና አንድ እጄን ማሽኑ ላይ አድርጌ አወራሁ። ከዚያ ምሽት ጥይቶች አንዷ ባሩድ አልነበራትም። የት እንደተገኘች ወደ ታች እነግርዎታለሁ።

አሁን ማሽኑ ላይ ወደ ቀለሁ አፍ ቀጥታ የሚያበራ ትንሽ መብራት ሰቅያለሁ፤ እያንዳንዱን ሳላይ አረር አላስቀምጥም። ሥራው ከተቋረጠ ማሽኑ ላይ ያሉትን ቀለሆች ሁሉ አውጥቼ ባሩዱን እገለብጣለሁ። ምርጫ ካለዎት ደግሞ ቦታ የሚይዝ፣ እጥፍ ሲሆን ከአፉ የሚፈስ ባሩድ ይምረጡ። ጠረጴዛው ላይ ከአንድ በላይ የባሩድ ቆርቆሮ አይኑር፤ ሲጨርሱም የተረፈውን ወዲያው ወደ ራሱ ቆርቆሮ ይመልሱ። ማሽኑ ላይ ያደረ ባሩድ በሳምንቱ ስሙ ይጠፋል።

ሚዛኑም ነገር አለው። ባሩድ የሚለካው በግሬን ነው፤ 1 ግራም ማለት 15.43 ግሬን ነው። የወጥ ቤት ሚዛን ለበርበሬ ይበቃል፣ ለዚህ አይሆንም። የኤሌክትሮኒክስ ሚዛን ሲያበሩም ግራም ላይ ወይስ ግሬን ላይ እንዳለ ይመልከቱ።

ደካማ ድምፅ ሰምቶ ቃታውን እንደገና መሳብ

ባሩድ የሌለው ጥይት ዝም አይልም። የመለኮሻው ጉልበት ብቻውን አረሩን ከቀለሁ አውጥቶ አፈሙዙ ውስጥ ሊሰካው ይችላል። አንዳንዴ ግማሹ ከበሮው ውስጥ፣ ግማሹ አፈሙዙ ውስጥ ሆኖ ከበሮውን ይቆልፈዋል፤ ይህ ዕድለኝነት ነው። ሙሉ በሙሉ ገብቶ ከተሰካ ግን ከበሮው እንደ ወትሮው ይዞራል፣ ቀጣዩ ጥይትም ይተኮሳል። ከፊቱ የተዘጋ መንገድ የገጠመው አረር አፈሙዙን ያሳብጣል ወይም ይሰነጥቃል፤ የተኳሹ እጅ ደግሞ ከዚያ የራቀ አይደለም።

በውድድር ላይ ለማሰብ ያለው ጊዜ ምን ያህል ነው? ጄሪ ሚኩሌክ እ.ኤ.አ. በ1999 በባለ ስድስት ጥይት ሪቮልቨር ስድስት ተኩሶ፣ እንደገና አጉርሶ፣ ስድስት ሲደግም የወሰደበት 2.99 ሰከንድ ነው። እኔና እርስዎ እዚያ አንደርስም፤ ሆኖም በእኛ ፍጥነት እንኳ ጆሮ ሰምቶ ለጣት እስኪነግር ጣት ሥራውን ጨርሷል። ሪቮልቨር ተኳሽ ላይ ደግሞ መጥፎ ልማድ አለ፤ ጥይት ሲከሽፍበት ዝም ብሎ ቀጣዩን ይስባል። ለከሸፈ ጥይት ይህ ያዋጣል፣ አረሩ አፈሙዝ ውስጥ ለቀረበት ግን ጥፋት ነው። ሁለቱን መለየት የሚቻለው በድምፅ ነው። «ቀጭ» ካለ ምንም አልተቃጠለም። «ጩፍ» ካለና እጅዎ ያልተመታ ከመሰለዎት ያቁሙ።

የእኔዋ ጥይት በክለብ ውድድር ሦስተኛው ዒላማ ላይ «ጩፍ» አለች። እኔ አልሰማሁም፤ የሰማው የተኩስ ዳኛው ነው። «ቁም!» ሲል ጣቴ ቃታው ላይ ነበረች። አረሩ አፈሙዙ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ገብቶ ተገኘ። በዩኤስፒኤስኤ፣ ማለትም በአሜሪካ ተግባራዊ ተኩስ ማኅበር ደንብ፣ ዳኛ በጥርጣሬ ሲያስቆምዎት አፈሙዙ ባዶ ሆኖ ከተገኘ ዙሩን እንደገና ይተኩሳሉ፤ አረር ከተገኘበት ግን እስከዚያ የተኮሱት ብቻ ይያዝልዎታል። እኔ የዚያን ዕለት ከመጨረሻዎቹ ተራ ተሰልፌያለሁ፤ ጣቶቼ ግን አሥር ናቸው።

የሰው ቅመም መቅዳትና ሳጥን ላይ አለመጻፍ

ወዳጅዎ «ይህን ያህል ባሩድ አደርጋለሁ፣ ምንም አልሆንኩም» ይልዎታል። እሱ ምንም ያልሆነው በእሱ ሽጉጥ፣ በእሱ አረር፣ በእሱ ቀለህ ነው። የባሩድና የአረር አምራቾች የሚያወጡት መመሪያ አለ፤ የተለመደው ሥርዓት ከከፍተኛው ልክ 10 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ጀምሮ ቀስ በቀስ መውጣት ነው። አረሩን ከለወጡ እንደገና ከታች ይጀምሩ።

ከዚህ የሚብሰው ስያሜ የሌለው ሳጥን ነው። 357 ማግነም ሲሠራ ቀለሁ ከ38 ስፔሻል በ3.4 ሚሊሜትር ገደማ የረዘመው፣ ኃይለኛው ጥይት በደካማው ሽጉጥ ውስጥ እንዳይገባ ታስቦ ነው፤ የ357 የግፊት ጣሪያ ከ38 ስፔሻል እጥፍ ይበልጣልና። ርዝመቱ ዘብ ቆሞልናል ማለት ነው። የባለ ስምንት ጥይት ተወዳዳሪዎች ግን ዛሬ የሚወዱት 38 ሾርት ኮልት የተባለውን አጭር ቀለህ ነው፤ ከከበሮው ቶሎ ይወጣል፣ ቶሎም ይገባል። ይህ ጥይት የጥቁር ባሩድ ዘመን ልጅ ሲሆን እኛ ለ357 ከበሮ ብለን ከጥንቱ ልክ በላይ እንሞላዋለን። አጭር ስለሆነም ዘብ የለውም፤ የአያት ቅርስ በሆነ አሮጌ ሽጉጥ ውስጥም ሰተት ብሎ ይገባል። እኔ ሳጥኑ ላይ የባሩዱን ስምና ልክ፣ የአረሩን ክብደት፣ ቀኑን፣ በመጨረሻም በቀይ «በዚህ ሽጉጥ ብቻ» ብዬ እጽፋለሁ።

የኃይል ልክን ጠርዝ ላይ ማስቀመጥ

በውድድር የጥይት ኃይል የሚለካው የአረሩን ክብደት በግሬን በፍጥነቱ በጫማ በሰከንድ አባዝቶ፣ ውጤቱን ለ1000 በማካፈል ነው። በዩኤስፒኤስኤ ዝቅተኛው 125 ነው፤ የሪቮልቨር ወዳጆች ኮንፌዴሬሽን በሆነው በአይኮር 120። ለስላሳ ጥይት ቶሎ ወደ ዒላማ ይመልሳልና ሁሉም ወደ ጠርዙ ይጠጋል።

ስሌቱን እንየው። 158 ግሬን አረር በ800 ጫማ በሰከንድ ሲሄድ 126.4 ይሆናል፤ አለፈ። በውድድሩ ዕለት ፍጥነቱ 785 ቢሆን 124 ይሆናል፤ ወደቀ። ልዩነቱ ከ2 በመቶ ያነሰ ነው። በዩኤስፒኤስኤ ከዝቅተኛው በታች የወረደ ተወዳዳሪ መተኮሱን መቀጠል ይችላል፣ ነጥብ ግን አይያዝለትም። አውሮፕላንና ሆቴል ከፍሎ ለመዝናኛ መተኮስ ማለት ነው።

ፍጥነቱ ለምን ይወርዳል? ሁሉም ብርዱን ይከሳል፤ ብርድም ድርሻ አለው። በሪቮልቨር ግን ሌላ ሰበብ አለ፣ ያው ሰፊው ሆድ። አፈሙዙ ወደ ታች ሲያዘቀዝቅ ባሩዱ ወደ አረሩ ይንሸራተታል፣ ሽቅብ ሲያይ ወደ መለኮሻው ይከመራል፤ በአንዳንድ ባሩድ የሁለቱ ፍጥነት ልዩነት ቀላል አይደለም። በልምምድ ሜዳ ተመቻችተን፣ ሽጉጡን ከጠረጴዛ ቀና አድርገን አንስተን ስንለካ አንድ ቁጥር እናገኛለን፤ በውድድር ግን ሽጉጡ ከአፎቱ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጎ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ሲለኩ በየጥይቱ መጀመሪያ አፈሙዙን ወደ መሬት ዝቅ አድርገው ቀስ ብለው ያንሱ። በዚያ አለካክ 130 አካባቢ ካገኙ እንቅልፍ ይወስድዎታል።

መለኮሻውን ሙሉ በሙሉ አለመትከል

ተወዳዳሪዎች ቃታው እንዲለሰልስ የመቺውን ምላስ ስፕሪንግ ያላሉታል። የላላ ስፕሪንግ ደካማ ምት ይመታል። መለኮሻዋ ከቀለሁ ግርጌ ጋር እኩል ወይም ከፍ ብላ ከቀረች የመጀመሪያው ምት እሷን ወደ ቦታዋ በማስገባት ያልቃል፣ ጥይቱም ይከሽፋል። ከዚህ ሌላ ወጣ ያለች መለኮሻ ከኋላ ካለው ብረት ጋር እየተፋተገች ከበሮውን ትይዘዋለች። በጣት ሲዳስሷት በጥቂቱ ጠልቃ ልትሰማዎት ይገባል። የላላ ስፕሪንግ ያላቸው ብዙዎቹ ለስላሳ ነው የሚባለውን፣ ፌደራል የተባለው አምራች የሚሠራውን መለኮሻ የሚፈልጉት ለዚህ ነው።

አረሩን በልኩ አለመቆንጠጥ

የመጀመሪያው ጥይት ሲተኮስ ሽጉጡ ወደ ኋላ ይመታል፤ በቀሩት ጥይቶች ውስጥ ያለው ከባድ አረር ግን ባለበት መቅረት ይፈልጋል። ቀለሁ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ አረሩ ይቀራል፤ በሌላ አነጋገር አረሩ ከቀለሁ ወደ ፊት ይሳባል። በቂ ከወጣ ከከበሮው ፊት ብቅ ይልና ከበሮውን ያቆመዋል። የቀለሁ አፍ በአረሩ ወገብ ላይ ባለው ጉድጓድ ውስጥ ታጥፎ መያዝ አለበት። ለመፈተን አምስት ተኩሰው ስድስተኛውን አውጥተው ርዝመቱን በካሊፐር ይለኩ። አብዝቶ መቆንጠጥም አያምርም፤ በመዳብ የተለበጠ አረር ልባሱ ይቆረጣል።

የተጣመመ ሙን ክሊፕና ሽቅብ ያላየ አፈሙዝ

ጥይቶቹን በአንድነት የሚይዘው ቀጭን ብረት፣ ሙን ክሊፑ፣ በትንሹ ከተጣመመ ቃታው ይከብዳል። የቀለህ አምራች ሲለወጥም ክሊፑ ሊላላ ወይም ሊጠብቅ ይችላል፤ አንድ አምራች ይምረጡና ይጽኑ። የተሞሉትን ክሊፖች ቤት ውስጥ ይፈትሿቸው፤ ውድድር ሜዳ ባለው የደኅንነት ጠረጴዛ ላይ ጥይት መንካት ከውድድር ያስወጣል። ባዶ ቀለህ ሲያራግፉ ደግሞ አፈሙዙ ሽቅብ ይይ። አግድም ካራገፉ ያልተቃጠለ የባሩድ ፍርፋሪ ቀለሆቹን ገፍታ ከምታወጣው ኮከብ መሰል ብረት ሥር ይገባና ከበሮው አልዘጋም ይላል።

እርሳስን እንደ አቧራ መናቅ

የውድድር ሪቮልቨር ተኳሽ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀመው የእርሳስ አረር ነው። እርሳሱ በእጅ ይነካል፤ ከሁሉ የከፋው ግን ያገለገሉ ቀለሆች በሚጸዱበት ማሽን ውስጥ የሚቀረው አቧራ ነው፤ ከመለኮሻዎች የወጣ እርሳስ አለበትና። ማጽጃውን ከቤት ውጭ ይክፈቱት። በመሙያው ጠረጴዛ ላይ ቡና አይጠጣም፣ ቆሎም አይቆረጠምም። እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ልብስም ተለውጦ ነው ሕፃን የሚታቀፈው። ዓመታዊ ምርመራ ሲያደርጉ በደምዎ ውስጥ ያለው የእርሳስ መጠን እንዲለካ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ጥይትን እንደ እንጀራ መቁረስ

ይህ የእኛ ሰው ስህተት ነው። አጠገባችን ያለው ተኳሽ ጥይት ሲያልቅበት እጃችን ወደ ሳጥናችን ይሄዳል፤ ብቻ መብላት ነውር ነው ተብለን አድገናል። በእጅ የሞሉት ጥይት ግን በእርስዎ ሽጉጥ ልክ የተሰፋ ነው፤ በእሱ ሽጉጥ ቢበላሽ ኃላፊነቱ ይከተልዎታል፣ ብዙ አምራቾችም በእጅ በተሞላ ጥይት ለደረሰ ጉዳት ዋስትና አይሰጡም። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ሁልጊዜ ማኅተሙ ያልተነካ፣ ከሱቅ የተገዛ አንድ ሳጥን 38 ስፔሻል አለ። የሚለምነኝ ሲመጣ መጀመሪያ ሽጉጡን አሳየኝ እለዋለሁ፤ የሚስማማው ከሆነ እሷን እሰጠዋለሁ።