ከአቃቂ ወንዝ ዳር እስከ ሁለተኛ ዲግሪ፦ የአካባቢ ሳይንስና ዘላቂነት ለመማር ለሚያስቡ አዲስ መጪዎች

ይህን መመሪያ የምጽፈው ከአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከአቃቂ ነው። ሁለተኛ ዲግሪዬን አውሮፓ ተምሬ ከተመለስኩ ወዲህ፣ ሰሞኑን ስዊድን፣ ጀርመን ወይም አሜሪካ የገቡ የሰፈር ልጆች እየደወሉ «ጋሼ፣ የአካባቢ ሳይንስ መማር እፈልጋለሁ፤ የት ላመልክት?» ይሉኛል። እኔም የዩኒቨርሲቲ ስም ከመጥራቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ፦ ካደግህበት ሰፈር ውኃ፣ አፈር ወይም አየር ውስጥ መልሱን ሳታውቀው የኖርከው ነገር ምንድን ነው? ብዙዎቹ ጥያቄው ከማመልከቻው ጋር የሚገናኝ አይመስላቸውም። እኔ ግን በዚህ ዘርፍ ትምህርት ቤት የሚመረጠው በስሙ ወይም በደረጃው ሳይሆን ከአገር ይዘነው በመጣነው ጥያቄ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ።

«የአካባቢ ሳይንስ»፣ «የአካባቢ ምሕንድስና»፣ «የአካባቢ ፖሊሲና አስተዳደር»፣ «የዘላቂነት ሳይንስ» የሚሉት ስያሜዎች ላይ ላዩን ሲታዩ ቢቀራረቡም የሚያስጨብጡት ሙያ በእጅጉ ይለያያል። ልዩነቱን ለመረዳት ወንዛችንን ማየት ይበቃል። ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ ከተማዋን አቋርጠው የፋብሪካውን፣ የጋራዡንና የመጸዳጃ ቤቱን ፍሳሽ እየሰበሰቡ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፤ ከዚያም ውኃው ወርዶ ከአዋሽ ይቀላቀላል። በመንገዱ ላይ ገበሬዎች በዚያው ውኃ ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን ያለማሉ፤ አትክልቱም ተመልሶ የከተማው ገበታ ላይ ይቀርባል።

ለመመረቂያ ጽሑፌ ናሙና እሰበስብ በነበረበት ጊዜ፣ በአንድ የጥቅምት ማለዳ፣ አንዲት እናት ከመስኖው ቦይ አጠገብ ተቀምጠው የቆረጡትን ቆስጣ በእፍኝ በእፍኙ እያሰሩ በውኃው ያለቀልቁ ነበር። እኔ ከዚያው ቦይ በትንሽ ጠርሙስ ቀዳሁና ጥቂት ጠብታ ናይትሪክ አሲድ ጨመርኩበት፤ የውኃው ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ) ከ2 በታች ካልወረደ በውኃው ውስጥ ያሉት ከባድ ብረቶች በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ስለሚቀሩ ላብራቶሪ ሲደርስ የሚለካው ከእውነቱ ያነሰ ይሆናል። ጠርሙሱን በረዶ ሳጥን ውስጥ ሳስቀምጥ እኚያ እናት ዝም ብለው ሲመለከቱኝ ቆይተው «ልጄ፣ ውኃው ምን አለበት?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ መልሱ ግን ቢያንስ አራት ሙያ ይፈልጋል። በውኃው ውስጥ እንደ ክሮሚየም ወይም ሊድ (እርሳስ) ያለ ከባድ ብረት መኖሩን የሚለካው የአካባቢ ኬሚስት ነው። ፍሳሹን ከምንጩ የሚያጣራ ተቋም የሚነድፈው የአካባቢ መሐንዲስ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 እያለ ፍሳሹ ለምን እንዳልቆመ የሚመረምረው ፖሊሲ የተማረ ሰው ነው። ቆስጣውን ከማሳው አንሱ ቢባል የእኚህ እናት ቤት በምን እንደሚተዳደር ውኃውንም ኑሮውንም ጎን ለጎን አድርጎ የሚመዝነው ደግሞ የዘላቂነት ተማሪ ነው። እንግዲህ የፕሮግራሙን ስም ሳይሆን የኮርሶቹን ዝርዝር አንብቡ። ላብራቶሪ አለው? ስታቲስቲክስ ያስተምራል? የመመረቂያው ጥናት ስንት ክሬዲት ይይዛል? በአውሮፓ የሁለት ዓመት ማስተርስ ብዙውን ጊዜ 120 ክሬዲት ሲሆን ከዚህ ውስጥ 30 ወይም ከዚያ በላይ ለጥናት የሚሰጡትን እኔ አስቀድማለሁ።

ምሕንድስና ብቻውን እንደማይበቃ የከተማችን ዳርቻ በከባድ ዋጋ አስተምሮናል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ የሚባለው የረጲ ቆሻሻ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ክምሩን ይተካል ተብሎ በሰንዳፋ የተሠራው ዘመናዊ የቆሻሻ ማስወገጃ ከዚያ አደጋ በፊት፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን የአካባቢው ገበሬዎች ባነሱት ተቃውሞ በወራት ውስጥ አገልግሎቱን አቆመና ቆሻሻው ወደ ረጲ ተመለሰ። ይህን ታሪክ በልቡ ይዞ ለሚሄድ ሰው እንደ ሉንድ ዩኒቨርሲቲው፣ ሉሜስ በሚል አጭር ስም የሚታወቅ የሁለት ዓመት የአካባቢ ጥናትና የዘላቂነት ሳይንስ ማስተርስ ያለ ፕሮግራም ይስማማዋል፤ ከተፈጥሮ ሳይንስም ከማኅበራዊ ሳይንስም የመጡ ተማሪዎችን አንድ ላይ ያስተምራልና። ወደ መለካቱና ወደ ሞዴሉ ያዘነበለ በሆላንድ የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲን የአካባቢ ሳይንስ ማስተርስ ይመልከት። አዲስ አበባ ከአቃቂ ጉድጓዶች የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ የሚያሳስበው ደግሞ፣ ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውኃ ባለሙያዎችን የሚያሠለጥነውን፣ በሆላንድ ዴልፍት ከተማ ያለውን አይኤችኢ የተባለ ተቋም፣ እንዲሁም ይኸው ተቋም ከሊዝበንና ከድሬስደን ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ያዋቀረውን ግራውንድዋች የተባለ የከርሰ ምድር ውኃ ኢራስመስ ሙንደስ (በአውሮፓ ኅብረት የሚደገፍ የጋራ ማስተርስ) ፕሮግራም ይጠይቅ። የኢራስመስ ሙንደስ ገንዘብ በየዙሩ የሚፈቀድ ስለሆነ በምታመለክቱበት ዓመት ስኮላርሺፕ መኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

የእንግሊዝ የአንድ ዓመት ማስተርስ ቶሎ ስለሚያልቅ ብዙዎችን ይስባል። የእኛን ወንዞች ለማጥናት ግን አልመክረውም፤ ጥናቱ የሚሠራው በበጋ ዕረፍታቸው ወራት በመሆኑ የምትደርሱት በእኛ ክረምት፣ አቃቂ ሞልቶ ብክለቱ በሚሳሳበት ጊዜ ብቻ ይሆናል፤ በየካቲትና በመጋቢት ውኃው ሲቀንስና ሲጠቁር አታዩትም።

ስለ ገንዘብ ስንነጋገር መጀመሪያ የሚታየው እጃችሁ ላይ ያለው የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ስዊድን ከ2011 እ.ኤ.አ.፣ ፊንላንድ ከ2017፣ ኖርዌይ ከ2023 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጡ ተማሪዎች ክፍያ አላቸው፤ ይሁንና በቤተሰብ ወይም በጥገኝነት የመኖሪያ ፈቃድ ያገኘ ሰው በብዙ ሁኔታ ከክፍያው ነጻ ሊሆን ይችላል። በተማሪ ቪዛ ከመጣው ጓደኛችሁ ሰምታችሁ «ክፍያው አይቻልም» ብላችሁ አትተዉት፤ የራሳችሁን ፈቃድ ይዛችሁ የምዝገባ ክፍሉን ጠይቁ። በጀርመን አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ የባደን ቩርተምበርግ ክፍለ ግዛት ግን ከውጭ ተማሪዎች በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይቀበላል። በተማሪ ቪዛ ለሚገባ ሰው በዝግ ሒሳብ (ለኑሮ ወጪ ተቀምጦ በየወሩ ብቻ በሚለቀቅ የባንክ ሒሳብ) የሚቀመጠው ገንዘብ ከ2024 እ.ኤ.አ. መጸው ጀምሮ በዓመት 11,904 ዩሮ ተደርጓል፤ መጠኑ ስለሚከለስ ከመላካችሁ በፊት ኤምባሲውን ጠይቁ።

በዲቪ ወይም በጥገኝነት አሜሪካ የገባችሁ ፋፍሳ የተባለውን የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ቅጽ መሙላት ትችላላችሁ። ይሁን እንጂ ለሁለተኛ ዲግሪ ከዚያ የሚገኘው በአብዛኛው ብድር ነው፤ እኔ ሰው በዚህ ሙያ ብድር ተሸክሞ እንዲጀምር አልፈልግም። በብዙ ግዛቶች አንድ ዓመት ያህል ከኖራችሁ በኋላ የነዋሪ ክፍያ ስለሚፈቀድላችሁ ያን ዓመት ታግሶ መጠበቅ ብዙ ሺህ ዶላር ያድናል። ከዚህም የሚሻለው የምርምር ረዳትነት ነው፤ ፕሮፌሰሩ ከምርምር በጀቱ የትምህርት ክፍያችሁን ይሸፍናል፣ ወርኃዊ አበልም ይከፍላል። ይህ የሚገኘው በቀጥታ ደብዳቤ በመጻፍ ስለሆነ ሥራውን አንብባችሁ፣ የእናንተ ጥያቄ ከእርሱ ጥያቄ ጋር የት እንደሚገናኝ በግማሽ ገጽ ጻፉለት። በተማሪ ቪዛ ያላችሁ ደግሞ ከምረቃ በኋላ የሚሰጠው የ12 ወር የሥራ ፈቃድ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ መስኮች በ24 ወር የሚራዘም መሆኑን፣ ይህም በዲግሪው ስም ሳይሆን በፕሮግራሙ መለያ ኮድ የሚወሰን መሆኑን ልብ በሉ፤ ኮዱን ሳትመዘገቡ ጠይቁ።

ሁለተኛ ዲግሪ ያላችሁ ዶክትሬቱን አትፍሩት። በስዊድንና በሆላንድ የዶክትሬት ተማሪ በአብዛኛው ደመወዝተኛ ሠራተኛ ነው፤ ቦታው እንደማንኛውም ክፍት የሥራ ቦታ በማስታወቂያ ይወጣል።

ከስኮላርሺፖቹ መካከል ዳድ (DAAD) የተባለው የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ተቋም ለልማት ነክ ትምህርቶች የሚሰጠው ዕድል ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የመጨረሻው ዲግሪም በአጠቃላይ ከስድስት ዓመት በላይ የቆየ መሆን የለበትም፤ ጀርመን ውስጥ ከ15 ወር በላይ የቆየ ሰው ደግሞ አይወዳደርም። አዲስ የገባችሁ ሰዎች ይህን የመጨረሻውን ቅድመ ሁኔታ ካለማወቅ ዕድሉ ሲያመልጣችሁ ስላየሁ አጥብቄ አነሳዋለሁ። የስዊድን ኢንስቲትዩት ስኮላርሺፕ 3,000 ሰዓት፣ የእንግሊዙ ቺቭኒንግ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይፈልጋሉ፤ ቺቭኒንግ ተመልሶ ሁለት ዓመት አገር ውስጥ መቆየትንም ያስገድዳል። የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ላይ ጊዜ አታጥፉ፤ ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም።

ወረቀቱ ከትምህርቱ በላይ ያደክማል። የወጪ መጋራት ዕዳውን ያልከፈለ ተመራቂ ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት ማስላክ ስለሚቸገር፣ ለእናት ወይም ለወንድም በኤምባሲ በኩል ውክልና ልካችሁ ቀድማችሁ ጨርሱት። በእኔ ላይ የደረሰው ሌላ ነበር። የመጀመሪያ ዲግሪዬን የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ የአባቴን ስም በላቲን ፊደል የጻፈው ከፓስፖርቴ በአንዲት ፊደል ለይቶ ነበር፤ ያቺን ፊደል ለማስተካከል አራት ወር ፈጀ፣ የአንድ ዓመት ማመልከቻም አለፈኝ። ዛሬውኑ ዲግሪውንና ፓስፖርቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ፊደል በፊደል አነጻጽሩ። የዓመተ ምሕረቱንም ነገር አትርሱ፤ በ2012 ዓ.ም. የተመረቀን ሰው መርማሪው በእነርሱ አቆጣጠር 2012 ነው ብሎ ካነበበው ዲግሪው ስምንት ዓመት ያረጅና ከላይ ያነሳሁት የስድስት ዓመት ገደብ ይጥለዋል። በትራንስክሪፕቱ ላይ የአውሮፓው ዘመን እንዲጻፍ በግልጽ ጠይቁ።

ቋንቋ እየተማራችሁና መጋዘን ወይም ጽዳት እየሠራችሁ የምታሳልፉት የመጀመሪያው ዓመት ባዶ አይደለም። ኪውጂአይኤስ የተባለው የካርታ ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል፤ የላንድሳት ሳተላይት ምስሎች ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስሎች ደግሞ በ10 ሜትር ጥራት ያለ ክፍያ ይወርዳሉ። በኪራይ ክፍላችሁ ተቀምጣችሁ ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ የጤፍ ማሳ የነበሩበትንና ኮንዶሚኒየም የቆመበትን ዘመን አነጻጽራችሁ አንድ ካርታ ብትሠሩ፣ ያ ካርታ በማመልከቻችሁ ውስጥ ከብዙ የድጋፍ ደብዳቤ ይልቅ ይናገርላችኋል።

ተቀባይነት አግኝታችሁ ለጥናት ስትመለሱ በአዲስ አበባ የሚያግዙ ተቋማት አሉ፦ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአካባቢ ሳይንስ ማዕከል፣ በአቃቂ ግቢ የሚገኘው የኢትዮጵያ የውኃ ሀብት ኢንስቲትዩት፣ በቂሊንጦ ያለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ የዕፅዋት ጥናት ከሆነ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል። ዘርም ሆነ ሌላ የጄኔቲክ ሀብት ያለ ኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ከአገር እንዳታስወጡ፤ አዋጅ ቁጥር 482/1998 ይከለክላል። የባክቴሪያ ናሙና በ24 ሰዓት ውስጥ መመርመር ስላለበት እዚሁ ይሠራ፤ አሲድ የገባበት የብረት ናሙና ግን ጉዞ ይችላል። ብዙዎቹ ገበሬዎች አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ስለሆነ ቋንቋውን የሚያውቅ ባልደረባ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሯችሁ ይሂድ።

ውጤቱን ይዤ ወደ እኚያ እናት ማሳ የተመለስኩት ከስምንት ወር በኋላ ነው። ማጠብ ጭቃውንና ተሕዋሱን እንደሚቀንስ፣ ሥሩ ከአፈር የሳበውን ብረት ግን እንደማያስወጣ፣ ቅጠሉ የሚበላ አትክልትም በአብዛኛው ፍሬው ከሚበላው የበለጠ ብረት እንደሚይዝ ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና «እንግዲያስ ቲማቲም ልትከል? ገበያውንስ ማን ይነግረኛል?» አሉኝ። እኔ የተማርኩት ኬሚስትሪውን ነበርና በዚያ ቀን ለሁለተኛው ጥያቄያቸው መልስ አልነበረኝም። አሁን ለሚደውሉልኝ ልጆች ከምዘረዝራቸው የጥናት ርዕሶች መካከል ይኸው የእማማ ጥያቄ መጀመሪያ ላይ ተጽፏል፤ እስካሁን የወሰደው የለም።