ለሰርቮ ሞተር የትኛው ማይክሮኮንትሮለር ይሻላል? ደሴና ኮምቦልቻ ላላችሁ

ሰርቮ (በታዘዘው ዲግሪ ላይ ዞሮ የሚቆም ሞተር) ለማዞር የቱን ቦርድ (ማይክሮኮንትሮለር፣ ማለትም ኮድ የሚጫንበት ትንሽ ኮምፒውተር ያለበትን) ልግዛ ለምትሉ፣ ከቦርዱ በፊት ስንት ሰርቮ እንደሆነ፣ ምን ያህል ክብደት እንደሚያንቀሳቅስና ከስልክ ጋር መገናኘት ይኖርበት እንደሆነ ወስኑ። ብዙ ሰው ስሙ የተወራለትን ቦርድ መጀመሪያ ይገዛና ከዛ ሥራ ይፈልግለታል፣ ብር የሚባክነው እዚህ ጋ ነው።

ሰርቮ ከቦርዱ የሚፈልገው ትንሽ ነገር ነው። በየ20 ሚሊሰከንዱ አንድ አጭር ፐልስ (የኤሌክትሪክ ምት) ይላክለታል፣ ርዝመቱ 1 ሚሊሰከንድ ገደማ ከሆነ ወደ አንድ ጎን ይዞራል፣ 1.5 ከሆነ መሀል ይቆማል፣ 2 ከሆነ ወደ ሌላው ጎን፣ በቃ። ለዚህ ፈጣን ቺፕ አያስፈልግም፣ የሚያስፈልገው ፐልሱ እንዳይዋዠቅ በሃርድዌር ታይመር (ቺፑ ውስጥ ባለ ራሱን የቻለ ሰዓት ቆጣሪ) የሚሠራ ቦርድ ነው፣ ከተዋዠቀ ሰርቮው ቆሞም ይንቀጠቀጣል። ኢኤስፒ8266 የሚባለው ዋይፋይ ያለው ቦርድ ፐልሱን በሶፍትዌር ስለሚያወጣ ዋይፋዩ ሲበዛበት ይሄ ችግር ይታይበታል፣ እኔ ለሰርቮ አልመርጠውም።

አሁን በምሳሌ እንሂድ፣ ኮምቦልቻ ላይ የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን ልትሠሩ ነው እንበል። እንቁላሉ እስከ 18ኛው ቀን ድረስ መገላበጥ አለበት፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀን ይተዋል። ሥራው አንድ ሰርቮ ትሪውን ወደ ግራ 45 ወደ ቀኝ 45 ዲግሪ እንዲያዘነብል፣ አንድ የሙቀት ሴንሰር፣ አንድ ሪሌ (ማሞቂያውን በቦርዱ ትእዛዝ የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ)፣ ሌላ ምንም የለውም። ለዚህ አርዱይኖ ናኖ ይበቃል፣ ከበቂም በላይ ነው። ኤቲሜጋ328ፒ ቺፕ፣ 16 ሜጋኸርዝ፣ 5 ቮልት፣ የሰርቮ ላይብረሪው (ዝግጁ ኮዱ) እስከ 12 ሰርቮ ይነዳል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ላይብረሪውን ስትጠቀሙ ፒን 9 እና 10 ላይ ፒደብሊውኤም (ቶሎ ቶሎ እያበሩና እያጠፉ ፍጥነትን ወይ ኃይልን መቆጣጠሪያው) ይጠፋል፣ ፋን እዛ ላይ ካሰራችሁ ወደ 3፣ 5፣ 6 ወይ 11 አዙሩት።

ሰርቮውን ራሱ ደሞ በደንብ አስቡበት። ትንሿ ሰማያዊ ኤስጂ90 ጉልበቷ 1.8 ኪሎ በሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ ማለትም ከዘንጉ 10 ሴንቲሜትር ርቃችሁ ካሸከማችኋት 180 ግራም ብቻ ነው የምትችለው፣ ጥርሷም ፕላስቲክ ነው። 30 እንቁላል ደሞ ትሪውን ሳይጨምር 1.5 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ትሪውን መሀሉ ላይ አንጠልጥላችሁ ሚዛኑን ካልጠበቃችሁ አትችለውም፣ ስለዚህ የብረት ጥርስ ያለውን ኤምጂ996አር ውሰዱ፣ በ4.8 ቮልት ወደ 9.4 ኪሎ በሴንቲሜትር ይደርሳል።

እና ይሄ ትልቁ ሰርቮ ሲታነቅ (መዞር አቅቶት ሲቆም) 2.5 አምፔር ገደማ ይስባል፣ የኮምፒውተር ዩኤስቢ ደሞ በደንቡ 500 ሚሊአምፔር ነው። ከቦርዱ 5 ቮልት ፒን ላይ አትሰኩት እባካችሁ፣ ቦርዱ ሪሴት እያደረገ (እየጠፋ ከመጀመሪያው እየተነሳ) ኮዱ የተበላሸ ይመስላችኋል። ከ12 ቮልት የባጃጅ ባትሪ በኤልኤም2596 (ቮልቴጅ በሚቀንስ ሞጁል) ወደ 5 ቮልት አውርዱለት፣ የሰርቮውንና የቦርዱን ግራውንድ (የኔጋቲቩን ሽቦ) አንድ ላይ እሰሩ (ይሄን የሚረሳ ብዙ ነው)፣ ሰርቮው አጠገብ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጣል አድርጉ። ባትሪው እኛ አካባቢ ትርፍ ነገር አይደለም፣ መብራት ሲጠፋ ቦርዱና ሰርቮው ሥራቸውን ይቀጥላሉ፣ ማሞቂያውን ግን ይሄ ባትሪ ብዙ አያቆየውም፣ ለሱ ሌላ መላ ያስፈልጋል።

ባትሪ ከሌለ ግን መብራት ተመልሶ ሲመጣ ሰርቮው ኮዱ ወዳለው ቦታ በአንዴ ስለሚወረወር እንቁላሉ ይናጣል። ናኖ 1 ኪሎባይት ኢኢፕሮም (መብራት ቢጠፋም የተጻፈበት የማይጠፋ ማስታወሻ) አለው፣ ትሪው በዞረ ቁጥር የመጨረሻውን ዲግሪ እዛ ላይ ጻፉት፣ ሲነሳ አንብባችሁ በኮዱ መጀመሪያ ራይት (ዲግሪውን መስጠት) ከዛ አታች (ሰርቮውን ከፒኑ ጋር ማያያዝ) አድርጉ።

ደሴ ቁጭ ብላችሁ ኮምቦልቻ ያለውን ማሽን በስልክ ማየት ካስፈለጋችሁ ያኔ ዋይፋይ ያለው ኢኤስፒ32 ቦርድ ተገቢ ነው፣ ፐልሱንም በሃርድዌር ያወጣል። ሲግናሉ 3.3 ቮልት ቢሆንም እነዚህ ሁለቱ ሰርቮዎች አብዛኛውን ጊዜ ይቀበሉታል፣ ከፒን 34 እስከ 39 ግን ግቤት ብቻ (ሲግናል የሚቀበሉ እንጂ የማያወጡ) ስለሆኑ ሰርቮ አይሰካባቸውም። ፓይተን (የኮድ መጻፊያ ቋንቋ) ለምትወዱ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች ራስበሪ ፓይ ፒኮ ጥሩ ነው፣ 16 የፒደብሊውኤም ቻናል አለው። ለሮቦት እጅ ብዙ ሰርቮ የምትነዱ ደሞ ትልቅ ቦርድ ከመፈለግ ፒሲኤ9685 የሚባለውን የሰርቮ መንጃ ሰሌዳ ጨምሩ፣ በሁለት የሲግናል ሽቦ ብቻ 16 ሰርቮ ይነዳል፣ ናኖውም እዛው ይቀጥላል።

ስትገዙ ርካሹ ናኖ ብዙ ጊዜ ሲኤች340 (ከዩኤስቢ ጋር የሚያገናኝ) ቺፕ ነው ያለው፣ ኮምፒውተሩ ካላወቀው ድራይቨሩን (ኮምፒውተሩ ቺፑን እንዲያውቅ የሚያደርገውን ሶፍትዌር) ጫኑ፣ ኮድ አልጫን ካለ ደሞ አርዱይኖ ፕሮግራሙ ውስጥ ፕሮሰሰር የሚለው ላይ ኦልድ ቡትሎደር የሚለውን ሞክሩ። አብሽሩ፣ ብዙ ጊዜ ቦርዱ ተበላሽቶ አይደለም። ከዛ ትሪውን ከማሰራችሁ በፊት ሰርቮውን ባዶውን 90 ላይ አቁሙት፣ ክንዱን እዛ ላይ እያለ ግጠሙትና ከ45 እስከ 135 ቀስ እያላችሁ አዙሩት፣ ምንም ነገር ካልነካ ትሪውን እሰሩ።