የሰፈር ታሪክ ለምትቀዱና ለምትስሉ፦ እባካችሁ እነዚህን ተዉ

ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. መፍረስ ከጀመረች ወዲህ ስልኩን ይዞ ሽማግሌ የሚያናግር፣ ብሩሽ ይዞ ግድግዳ የሚፈልግ ወጣት በዝቷል። እሰየው ነው። ግን የምታሳዩኝ ሥራ ላይ ያው ስህተት እየተመላለሰ ነው፤ እኔም ተመሳሳይ ነገር መናገር ሰልችቶኛል።

ከሁሉም የሚያናድደኝ አዛውንትን እየመሩ ማናገር ነው። ካሜራው ይደገናል፣ ልጁ ይጀምራል፦ «እማማ፣ ድሮ ፍቅር ነበር አይደል? ጎረቤት ይዋደድ ነበር አይደል?» እማማ ምን ይበሉ? «አዎ ልጄ፣ ድሮማ!» አለቀ። ይህን መልስ ደጃች ውቤ ሰፈርም ጉለሌም ታገኙታላችሁ፤ የእሳቸው የሆነ አንድም ነገር የለበትም። ይልቅ «ውሃ ከየትኛው ቦኖ ነበር የሚቀዱት? ከበር ሲወጡ በየት በኩል ይሄዱ ነበር?» በሏቸው። አንዲት እናት ይህ ሲቀርብላቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ፤ መንገዱን በጣታቸው እያመለከቱ ይነግሩን ጀመር። እዚህ ጋ ጠላ ቤት፣ እዚያ ጋ ልብስ ሰፊው፣ ጥጉ ላይ ቦኖው፣ የባልዲው ሰልፍ፣ ወረፋ እየቀማች ያስቸገረቻቸው ሴት፣ በመጨረሻም ከእሷ ጋር ፀጉር የተጓተቱበት ቀን። ኋላ የልጃቸው ክርስትና እናት የሆነችው ይህችው ሴት ናት። ፍቅሩም ሳይጠየቅ መጣ፣ ጠቡን ተከትሎ። ጥያቄውን ከጠየቃችሁ በኋላ ደግሞ ዝም በሉ። ዝም ማለት ያቃተው ልጅ ጠያቂነቱን ትቶ ቀለም ቢበጠብጥ ይሻላል።

ዓመተ ምሕረት። ግድግዳ ላይ «የካቲት 12 ቀን 1937» ተብሎ ተጽፎ አይቻለሁ፤ ቀኑ የኛ፣ ዓመቱ የፈረንጅ። ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረውና ጭፍጨፋው የጀመረው የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ነው። የዓድዋም ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፣ 1896 አይደለም። ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ተማሪ ሁሉ ከዚያ ነው የሚገለብጠው። አዛውንቶች ደግሞ ዓመት በቁጥር አይነግሯችሁም፤ «ልጆቹ ዘመቻ የሄዱ ጊዜ» ይሏችኋል። አታፋጥጧቸው። ያሉትን እንዳለ ጻፉና ተማሪዎች ወደ ገጠር የተላኩበት የዕድገት በኅብረት ዘመቻ በ1967 መጀመሩን ራሳችሁ ከጎኑ አስፍሩ።

የጭቃ ግድግዳ ላይ ዘይት ቀለም አትቀቡ። እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ክረምቱ ሳያልቅ ልስኑን ይዞት ይወርዳል። ኖራ አለላችሁ።

ግድግዳ ላይ የምትስሉት ሁሉ ምኒልክ ሐውልት፣ አንበሳ፣ ጀበና፤ ምኒልክ ሐውልት፣ አንበሳ፣ ጀበና። ሠራተኛ ሰፈር ውስጥ እንኳ ጀበና! ብረት ሲቀጠቀጥበት የኖረ ሰፈር ነው እኮ፤ ወናፍና መዶሻ አጥታችሁ ነው?

ቡና እየተወቀጠ ድምፅ አትቅዱ። የሙቀጫው ድምፅ ካስፈለጋችሁ ለብቻው ቅዱት፤ የእድሩን ጡሩምባ ነፊ ግን አግኝታችሁ መቅዳት እንዳትረሱ፣ እሱን የሚያስታውስ የለም።

በፈረሰ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ከኋላ የዋሽንት ለቅሶ አስገብቶ «እዚህ ሕይወት ነበር» ማለትም ይብቃ። ሕይወቱ አልሞተም፣ ቤት ነው የቀየረው። በ2017 መጀመሪያ ከካዛንችስ የተነሡ ብዙ ሰዎች ገላን ጉራ ናቸው። ታክሲ ያዙና ሂዱ። ሰው ከሰፈሩ ርቆ ስለ ሰፈሩ ሲያወራ የሚነሣው ነገር ሌላ ነው፤ እዚያው እያለ የማይታየውን የበር ቁመት፣ የጎረቤት ሳል፣ ጣሪያው የሚያፈስበትን ቦታ ሳይቀር ይቆጥርላችኋል።

ስማቸው እንዲጠቀስ ይፈልጉ እንደሆነ ከመቅዳታችሁ በፊት ጠይቁ፣ መልሳቸውም ይቀዳ።

ፎቶ ተውሶ መጥፋት ነውር ነው። ጋሼ አልበማቸውን የሰጧችሁ አምነዋችሁ ነው፤ በሰባተኛው ወር «ልጁ የት ገባ?» እያሉ እኔ ጋ ይደውላሉ። እዚያው ቤታቸው፣ መስኮት አጠገብ፣ ብርሃኑ ፎቶው ላይ ሳያንጸባርቅ በስልካችሁ አንሡትና መልሱላቸው። ጀርባውንም አንሡ፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተምና በእስክሪብቶ የተጻፈው ቀን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው።