በረጅም ርቀት ግልቢያ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቅዳሜ ጠዋት ሱሉልታ ሜዳ ላይ ፈረስ የሚጋልብ ሰው እየበዛ ነው። ደስ ይላል፤ እኔም አንዱ ነኝ። ግን ስለ ጽናት ስናወራ የምናወራው ስለ ራሳችን ነው። ስንት ሰዓት ኮርቻ ላይ እንደቆየን፣ ወገባችን እንዴት እንደቻለው። በዚህ ስፖርት የሚለካው የፈረሱ ጽናት ነው። ስህተቶቹም አብዛኞቹ ከዚህ ይመጣሉ።

ፍጥነትን ጽናት ማለት

ጉግስ እያየ ያደገ ሰው ጎበዝ ፈረስ ሲባል ሽምጥ የሚጋልብ ይመስለዋል። ረጅም ርቀት ግን በአመዛኙ በሶምሶማ ነው የሚያልቀው። ርቀቱም ቀላል አይደለም። በአሜሪካው የጽናት ግልቢያ ማኅበር ደንብ ከ50 ማይል ወይም ከ80 ኪሎ ሜትር ያነሰ ጉዞ ጽናት ተብሎ አይቆጠርም። ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካሊፎርኒያ ተራሮች ላይ የሚካሄደው ቴቪስ ካፕ 100 ማይል ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ከሱሉልታ ጫንጮ ደርሶ መልስ የሄደ ሰው ቆንጆ ጉዞ አድርጓል። ጽናት ለመባል ግን ገና ነው።

መድረስን መጨረስ አድርጎ ማየት

ይሄ ከሁሉም የከፋው ነው፤ እኔም ሠርቼዋለሁ። አንድ ቀን ከጫንጮ መልስ የመጨረሻውን ሜዳ በግልቢያ ጨርሼ ደስ ብሎኝ ወረድኩ። የዳማው ፈረስ ባለቤት፣ ጋሼ የምንላቸው አዛውንት፣ እኔን ዞር ብለው አላዩኝም። መዳፋቸውን ከፈረሱ የግራ ክንድ ጀርባ፣ ደረቱ ላይ አሳረፉና ዝም አሉ።

«ልጄ፣ አንተ ደረስክ እንጂ ፈረሱ ገና መንገድ ላይ ነው።»

ስልኬን አውጥቼ 15 ሰከንድ ቆጠርኩ። 24 ምት። በ4 ሲባዛ 96። ከሩብ ሰዓት በኋላም ገና 80 ነበር። ያረፈ ፈረስ ልብ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ነው የሚመታው። በዓለም አቀፍ ውድድሮች የተለመደው ገደብ 64 ነው። ውድድሩ በዙሮች ይከፈላል፤ በሁለት ዙሮች መሃል ሰዓቱ የሚቆመው ፈረሱ ለእንስሳት ሐኪም ሲቀርብ ነው። ምቱ ካልወረደ ማለፍ አይቻልም፤ ስለዚህ አስጋልቦ ያተረፉት ደቂቃ ቆሞ በመጠበቅ ያልቃል። ሐኪሙ በዚህ አያበቃም። ድዱን በጣት ተጭኖ ቀለሙ ቶሎ መመለሱን ያያል፣ የአንገቱን ቆዳ ቆንጥጦ ይለቃል፣ የሆዱን ድምፅ ያዳምጣል፣ በመጨረሻም በሶምሶማ አስሩጦ ማነከስ አለማነከሱን ይለያል። ያነከሰ ፈረስ አንደኛ ቢገባም ከውድድር ውጪ ነው።

በበኩሌ አሁን ሳልቆጥር ኮርቻ አልፈታም። 15 ሰከንድ፣ 16 ምት። ቁጥሩን ያዙት።

ላብ ያለውን ፈረስ ውሃ መከልከል

«ካላበው በኋላ ከጠጣ ሆዱን ይቆርጠዋል» ሲባል ሰምታችኋል። ፈረሱን የሚጎዳው ግን መከልከሉ ነው። የፈረስ ላብ ከሰው ላብ የበለጠ ጨው አለው። ውሃውና ጨው አብረው ስለሚወጡ ሰውነቱ ውሃ እንደጎደለው ቶሎ አይነቃም፤ ሳይጠማው ሊደርቅ ይችላል። ስለዚህ ወንዝ ባገኛችሁ ቁጥር ቁሙ፣ ልጓሙን ላላ አድርጉለት። አንገቱና ደረቱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት። ቤት ሲገባ ደግሞ የሚልሰው አሞሌ ጨው አይጥፋ።

ኮርቻውን አለማየት

ገጣባ፣ ኮርቻ የሚያመጣው የጀርባ ቁስል፣ በአንድ ቀን አይመጣም፣ ግን ከኮርቻው ሥር በታጠፈ አንድ ግላስ ይጀምራል። ኮርቻውን ስታወርዱ ጀርባው እኩል በላብ መርጠብ አለበት። በእርጥቡ መሃል ደረቅ ቦታ ካያችሁ ኮርቻው እዚያ ላይ ተጭኖት ሊሆን ይችላል።

ቁልቁለት ላይ አለመውረድ

ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ ሲወረድ ክብደቱ ይበልጥ የሚያርፈው የፊት እግሮቹ ላይ ነው። ውረዱና ልጓሙን ይዛችሁ በእግር ሂዱ። ነውር አይደለም። በዓለም አቀፉ ደንብም ጋላቢው ሲነሳና ሲገባ ኮርቻ ላይ ይሁን እንጂ በመሃል ፈረሱን እየሳበ መሄድ ይችላል።

ቶሎ ርቀት መጨመር

ልብና ጡንቻ በወራት ይጠነክራሉ። ጅማትና አጥንት ግን ወደኋላ ይቀራሉ። ፈረሱ «እችላለሁ» እያለ በሚጎትታችሁ ሰሞን ነው ጅማቱ የሚጎዳው። እሑድ ጠዋት ከገብሱ በፊት አራቱንም እግሮች ከጉልበት እስከ ሰኮና በመዳፋችሁ ዳስሱ። አንዱ ከሌላው ሞቅ ካለ ወይም አበጥ ካለ፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ ግልቢያ ይቅር።